ሆርኔት ላይ ጄሶው ሁልጊዜ 750 ሜትር ያህል ስቶ ይወድቃል፤ ችግሩ የት ነው?

ሰሜን ነፋስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲኤስ ወርልድ በሚባለው የኮምፒውተር የበረራ ጌም ላይ ከኤፍ-16ሲ አውሮፕላን ወደ ኤፍ/ኤ-18ሲ ሆርኔት ለተሻገረ ሰው እርዳታ እፈልጋለሁ። በኤፍ-16 ጄዳም (በጂፒኤስ የሚመራ ቦምብ) ስጥል ዒላማውን አይስትም። ሆርኔት ላይ ኤጂኤም-154ኤ ጄሶው (ሞተር የሌለው ተንሳፋፊ ቦምብ) ስለቅ ግን ቦምቡ በሥርዓቱ ይላቀቃል፣ ክንፉን ይዘረጋል፣ እየተንሳፈፈ ይሄድና ባዶ ሜዳ ላይ ይበተናል።

ዝርዝሩ ይኸውላችሁ። ካርታው ካውካሰስ፣ ዒላማው ሴናኪ አካባቢ የቆሙ የጭነት መኪናዎች። ከፍታ 30 ሺህ ጫማ፣ ፍጥነት ማክ 0.85፣ የምለቅበት ርቀት 25 ኖቲካል ማይል። ሁነታው ፒፒ ነው (የዒላማው ኮኦርዲኔት ቀድሞ የሚሞላበት)። ኮኦርዲኔቱን ከኤፍ10 (የጌሙ) ካርታ ወሰድኩ፦ ሰሜን 42°14.583፣ ምሥራቅ 42°03.217። ዩኤፍሲው (ኮክፒቱ ውስጥ ያለው የቁጥር ማስገቢያ) ላይ ኬክሮሱን 42 ዲግሪ፣ 14፣ 58፣ ከዚያ በሁለተኛው ማስገቢያ 30 አልኩት። ኬንትሮሱን 42 ዲግሪ፣ 03፣ 21፣ ከዚያ 70። አላይመንቱ (ቦምቡ ያለበትን ቦታ የማወቅ ጥራቱ) 01 ጉድ ይላል፣ ነፋስ ዜሮ ነው።

የሚወድቀው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከዒላማው ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ። በካርታው ማስመሪያ ሲለካ 750 ሜትር ገደማ ይሆናል።

በዚያው ሁለት ነገር ልጨምር። የሚደርስበት ርቀት ከበረራ በረራ ለምን በጣም ይለያያል? ደግሞስ ቶር (ኤስኤ-15 የሚባለው የአየር መከላከያ ሚሳይል) ባለበት ቦታ ጄሶው እንዴት ነው የሚያልፈው?


ባለ ራዳር፦

ኮኦርዲኔቱን ከነአገባቡ መጻፍህ በጣም ጠቅሟል፤ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ። ቦምቡ ያዘዝከው ቦታ ላይ በትክክል እየወደቀ ነው፤ የታዘዘው ቦታ ነው ሌላ የሆነው።

42°14.583 ማለት 42 ዲግሪ፣ 14 ነጥብ 583 ደቂቃ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር የደቂቃ ክፋይ ነው። ኤፍ-16 ይህንኑ ቅርጽ ስለሚቀበል እዚያ ምንም ችግር አልገጠመህም። ሆርኔት ግን ለፒፒ ዒላማ ዲግሪ፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ፣ ከዚያ የሰከንድ ክፋይ ነው የሚጠብቀው። አንተ 14፣ 58፣ 30 ስትለው 14 ደቂቃ ከ58.30 ሰከንድ ብሎ ተቀበለህ። ትክክለኛው ቁጥር 0.583 በ60 ሲባዛ የሚገኘው 34.98 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ 23.32 ሰከንድ ይሆናል። በዚያ አካባቢ አንድ ሰከንድ ኬክሮስ ወደ 30.9 ሜትር ስለሆነ 720 ሜትር ወደ ሰሜን ወጣህ።

ኬንትሮሱም እንደዚያው ነው። 0.217 በ60 ሲባዛ 13.02 ሰከንድ ሲሆን አንተ 21.70 አስገብተሃል። ልዩነቱ 8.68 ሰከንድ ነው። 42 ዲግሪ ሰሜን ላይ አንድ ሰከንድ ኬንትሮስ ወደ 22.9 ሜትር ስለሚጠብ 199 ሜትር ወደ ምሥራቅ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታሰላቸው 747 ሜትር ይወጣል። አንተ በማስመሪያ የለካኸው 750 ነው።

ይህ ስህተት አታላይ የሚሆነው የስህተቱ መጠን እንደ ቁጥሩ ስለሚቀያየር ነው። ክፋዩ 0.050 ቢሆን ትክክለኛው 3 ሰከንድ ነው፤ 5.00 ሰከንድ ብትለው የምትስተው 62 ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው ያን አይቶ «ጄሶው ትክክለኛነት የለውም» ይላል። ክፋዩ ከ0.600 በላይ ሲሆን ደግሞ ከ59 የሚበልጥ ሰከንድ ለማስገባት እየሞከርክ ስለሆነ ነገሩ እዚያው ይጋለጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኤፍ10 ካርታ ላይ ግራ አልት እና ዋይ አንድ ላይ ስትጫን የኮኦርዲኔቱ አጻጻፍ ይቀያየራል። ዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ ከነክፋዩ የሚያሳየው ቅርጽ ላይ እስክትደርስ ደጋግመህ ተጫን። ያንተ ዒላማ 42°14'34.98" ሰሜን፣ 42°03'13.02" ምሥራቅ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ኮክፒት ውስጥ፦

ማስተር ሞድ ኤ/ጂ (አየር ወደ ምድር)። ግራው ዲዲአይ (ማሳያ ስክሪን) ላይ ስቶርስ (የመሣሪያ) ገጽን ክፈትና ጄኤስኤን፣ ማለትም ጄሶው ኤን፣ ምረጥ። የጄሶው ማሳያ ገጽ ውስጥ ግባ፣ ሁነታው ፒፒ መሆኑን እይ፣ ኤምኤስኤን (የተልዕኮ ገጹን) የሚለውን ተጫን። ቲጂቲ ዩኤፍሲ ስትል ከዩኤፍሲው ጎን ምርጫዎቹ ይመጣሉ። ፖዝን የሚለውን ምረጥ፣ ከዚያ ላት። 2 ቁጥር ሰሜን ናት፤ ተጫናትና 421434 አስገብተህ ኤንተር፣ ከዚያ 98 ኤንተር። ለኬንትሮስ 6 ቁጥር ምሥራቅ ናት፤ አካሄዱ ያው ነው። ሁለተኛውን ማስገቢያ አትዝለለው፤ 98 የሰከንድ መቶኛ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ስህተት ይሸፍናል፤ ለጄሶው ሲ (ነጠላ ነጥብ ለሚመታው ዓይነት) ይህ የመምታትና የመሳት ልዩነት ነው።

በመጨረሻ ኤሌቭ (የዒላማው ከፍታ)። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ወይም በተሳሳተ መለኪያ ያስገባዋል። ፊት ወይስ ሜትር ብሎ ይጠይቅሃል፤ ካርታህ በሜትር የሚያሳይ ከሆነ ሜትርን ምረጥ። ሴናኪ ሜዳ ስለሆነ ብዙም አይጎዳህም። 400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ዒላማን «400 ጫማ» ብትለው ግን ቦምቡ የሚያነጣጥረው ከመሬት በታች 278 ሜትር ላይ ነው። በ45 ዲግሪ የሚወርድ መሣሪያ 278 ሜትር ሳይደርስ ይወድቃል፣ በ60 ዲግሪ 160 ሜትር፣ በ35 ዲግሪ ወደ 400 ሜትር። በተቃራኒው ከፍታውን ካበዛኸው ዒላማውን አልፎ ይወድቃል።

እያንዳንዱ ጣቢያ (የቦምብ ማንጠልጠያ ቦታ) የራሱ የፒፒ መረጃ አለው። አንዱን ሞልተህ ስቴፕ ብለህ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ካልተሻገርክ ሌላኛው ቦምብ ባዶ ነው። ከመነሳትህ በፊት ስቴፕ እያልክ ሁሉንም በኤምኤስኤን ገጽ አንድ በአንድ አንብብ።


ደመና በላይ፦

ባለ ራዳር የጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከፒፒ ውጭ ያለውን ልጨምር፣ ምክንያቱም ከኤፍ-16 የመጣ ሰው ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ቲኦኦ ነው።

ቲኦኦ ላይ ቦምቡ አውሮፕላኑ ዒላማ ብሎ የያዘውን ነጥብ ይወስዳል። ነጥቡ ከፖድ (ዒላማ መመልከቻ ካሜራው)፣ ከራዳር ወይም ከዌይፖይንት (የጉዞ ነጥብ) ሊመጣ ይችላል። ከዌይፖይንት የሚመጣው አንድ ወጥመድ አለበት። ተልዕኮ ማዘጋጃው ውስጥ ዌይፖይንት ስትተክል ከፍታው የበረራ ከፍታ ይሆናል፤ ለምሳሌ 20 ሺህ ጫማ። ኤችኤስአይ (የአቅጣጫ ማሳያ ገጹ) ላይ ደብሊውፒዲኤስጂ ብለህ ያንን ነጥብ ዒላማ ስታደርገው አውሮፕላኑ ዒላማው 20 ሺህ ጫማ አየር ላይ ነው ብሎ ያምናል። ቦምቡም ያንን አምኖ ይሄዳል፣ አልፎም ርቆ ይወድቃል። ተልዕኮውን የምትሠራው አንተ ከሆንክ የዒላማውን ዌይፖይንት ከፍታ መሬት ላይ አውርደው። የሌላ ሰው ተልዕኮ ከሆነ ኤችኤስአይ፣ ዳታ ገጽ ውስጥ ገብተህ ኤሌቬሽኑን ራስህ አስተካክል። እዚያው ገጽ ላይ ፕሪሳይስ የሚለውን ሳጥን ውስጥ ካላስገባኸው የሰከንዱን ክፋይ አይቀበልህም።

ከፖድ የሚመጣው ነጥብ ጥሩ ነው፤ የእይታ ማዕዘኑን ግን አስብ። 9 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነህ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ነገር ስታይ የምታየው ወደ 13 ዲግሪ በሚጠጋ ዘቅዛቃ ነው። የመስቀሉ መሐል የመኪናውን ጣሪያ አልፎ ከመሬቱ 3 ሜትር ከፍ ቢል፣ መስመሩ መሬት የሚነካው 13 ሜትር ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ መስቀሉን ጎማው መሬት የሚነካበት ላይ አድርግ። አጉላ፣ አረጋጋ፣ ከዚያ ቲዲሲን (የጠቋሚውን መቆጣጠሪያ) ተጫን። ዒላማውን ካስያዝክ በኋላ ሳታስበው የኖዝ ዊል ቁልፉን ከነካህ ዒላማው ይሰረዛል፤ ቲኦኦ ላይ ያለ ቦምብ ደግሞ ያለዚያ ነጥብ የሚሄድበት የለውም።

በግሌ አንድ ዒላማ ብቻ ሲሆን ቲኦኦን እመርጣለሁ። ፖዱ ያየውን ነው የሚመታው፤ የቁጥር ስህተት ቦታ የለውም።


ባለ ራዳር፦

እዚህ ላይ አልስማማም። ለጄዳም እሺ፣ ከቅርብ ነው የሚጣለው። ጄሶው የተሠራው ከመከላከያው ክልል ውጭ ሆኖ ለመልቀቅ ነው፤ ፖዱ ዒላማውን በደንብ ለይቶ እስኪያሳይህ ከቀረብክ የጄሶውን ጥቅም ግማሹን ጥለኸዋል። ደመና ካለ ደግሞ ጨርሶ አታይም። የቆመ ዒላማ ኮኦርዲኔቱ ቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ፒፒ ይሻላል፤ መሬት ላይ ቆመህ ተረጋግተህ ትሞላዋለህ፣ አየር ላይ ሥራህ መብረርና መልቀቅ ብቻ ይሆናል። ቲኦኦ ያላሰብከው ነገር ሲገጥምህ ነው።


ቀስተኛ፦

ስለ ርቀቱ እኔ ልመልስ።

ጄሶው ሞተር የለውም። አሜሪካ ለእውነተኛው መሣሪያ ያሳወቀችው ርቀት ከዝቅተኛ ከፍታ 22 ኪሎ ሜትር፣ ከከፍተኛ ከፍታ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ያው ቦምብ፣ ያው ክንፍ፣ ስድስት እጥፍ ልዩነት። ርቀቱን የምትሰጠው አንተ ነህ፣ በከፍታና በፍጥነት።

በቁጥር እንየው። ለሂሳቡ እንዲመች ቦምቡ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከፍታ 8 ኪሎ ሜትር ይንሳፈፋል ብለን እንያዝ። ከ20 ሺህ ወደ 30 ሺህ ጫማ ብትወጣ 3 ኪሎ ሜትር ከፍታ ጨመርክ፤ ይህ 24 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ፍጥነትም ከፍታ ነው። 30 ሺህ ጫማ ላይ ማክ 0.85 ማለት በሰከንድ 257 ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱን በራሱ አባዝተህ ለ19.6 ስታካፍለው ወደ 3.4 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚመዝን ጉልበት ይሆናል። ማክ 0.6 ላይ ግን 1.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ቦምብ ተሸክሞ በደከመ ፍጥነት የሚለቅ ሰው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት እየጣለ ነው። ርቀቱ ከበረራ በረራ የሚለያይብህ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ከባድ ጭነት ይዘህ ወጥተህ ከፍታውን ታገኛለህ፣ ፍጥነቱ ግን ገና አልተመለሰም። ከመልቀቅህ በፊት ሁለትና ሦስት ደቂቃ ከፍታህን ሳትቀይር ብረር፣ ማክ 0.85 ይሙላ፣ ከዚያ ልቀቅ።

ሁለተኛው ሌባ አቅጣጫ ነው። አፍንጫህ ከዒላማው 40 ዲግሪ ዞሮ ከለቀቅክ ቦምቡ የመጀመሪያውን ጉልበት በመታጠፍ ይጨርሰዋል። ዒላማው ፊት ለፊትህ ይሁን፣ ክንፍህም ይስተካከል። ተርም (የመጨረሻው አገባብ ማዘዣ) ውስጥ የመግቢያ አቅጣጫ ካስገባህ ደግሞ ያው ነው፤ ከጀርባ ገብቶ እንዲመታ ስታዘው ዞሮ የሚሄድበትን መንገድ ከርቀቱ ላይ ይቀንሳል። ምክንያት ከሌለህ ባዶውን ተወው።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። 60 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰከንድ 220 ሜትር ሲበር አራት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ፊት ለፊት በሰከንድ 15 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚያ ጊዜ ውስጥ 4 ኪሎ ሜትር ይበላሃል። ቀላል ተልዕኮዎች ላይ ነፋስ ዜሮ ስለሆነ አይታይም፤ ሰርቨር ላይ ስትገባ ነው የሚያስገርምህ።

ኤችኤስአይ ላይ የሚሳለውን የመልቀቂያ ክልል ተመልከት። ኢን ሬንጅ ማለት ቦምቡ ዒላማው ጋ ይደርሳል ማለት ነው። ኢን ዞን ማለት ደርሶ ያዘዝከውን የመግቢያ ሁኔታም ያሟላል ማለት ነው። ሃዱ (ፊት ለፊት ያለው የመስታወት ማሳያ) ላይ ኢን ሬንጅ ገና ብልጭ ሲል የሚለቅ ሰው ቦምቡን ባዶ ጉልበት ይዞ ነው የሚያስገባው፤ ትንሽ የፊት ነፋስ ወይም ትንሽ የከፍታ ስህተት ካለ አይደርስም። መከላከያው የሚያስገድድህ ካልሆነ ኢን ዞንን ጠብቅ፣ ከዚያም ጥቂት ማይል ግባ።


ሰሜን ነፋስ፦

ባለ ራዳር፣ ኮኦርዲኔቱን በሰከንድ ቅርጽ ስሞላው መሐል ላይ አረፈ። መኪናዎቹ ሁሉ ተቃጠሉ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሁለት ነገር ቀረ። ያንኑ ጄሶው ኤ ታንኮች ላይ ስጥለው መሐላቸው ይፈነዳል ግን አብዛኞቹ አይሞቱም፤ ይህ የጌሙ ችግር ነው? የቶር ጥያቄም አልተመለሰልኝም። አንድ ኤስኤ-15 ነው ያለው፣ አንድ አንድ እያልኩ የምልከውን ሁሉ በአየር ላይ ይመታዋል።


ባለ ጦር፦

ታንኩን በቅድሚያ። ጄሶው ኤ 145 ብሉ-97 ቦምብሌቶች ነው የሚበትነው። እያንዳንዷ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የምትመዝን ትንሽ ነገር ናት። ለጭነት መኪና፣ ለራዳር ተሽከርካሪ፣ ለነዳጅ ቦቴ፣ ለመድፍ፣ ለቆመ አውሮፕላን ግሩም መሣሪያ ነው። ዋና የጦር ታንክ ላይ ግን ስፋት እንጂ ክብደት የላትም፤ ጌሙም ይህን በመጠኑ ያሳያል። ታንክ ከሆነ ዒላማህ ጄሶው ሲን በአንድ ታንክ አንድ፣ ወይም ጄዳም ተጠቀም። ሲው ብሮች የሚባል በሁለት ደረጃ የሚፈነዳ ወጊ ፈንጂ ራስ አለው፤ ለምሽግ፣ ለኮንክሪት መጠለያና ለአንድ ነጥብ ነው የተሠራው። ብዙ ታንክ በአንድ ቦታ ከቆመ ደግሞ ሲቢዩ-105 ነው መልሱ፤ ውስጡ 10 ብሉ-108 አሉ፣ እያንዳንዱ አራት አራት ሙቀት ፈላጊ ስኪት ይለቃል፣ ድምሩ 40። ይህ ግን ኤ-10ሲ እና ኤፍ-16ሲ ላይ እንጂ ሆርኔት ላይ የለም።

የሚንቀሳቀስ ታንክ ከሆነ ጄሶውን ጨርሰህ እርሳው። በጌሙ ውስጥ የሚሄደው ወደ ኮኦርዲኔት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ ቦምቡ በሚበርበት አራት ደቂቃ ተኩል ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ከሩብ ይርቃል። ለዚያ በሌዘር የሚመራው ጂቢዩ-12 ቦምብ፣ ወይም ማቬሪክ ሚሳይል።

አሁን ቶር። ቶር ራሱ የሚታገለው እንደ ጄሶው ያለውን መሣሪያ ነው፤ ለዚያ ነው የተሠራው። እውነተኛው ቶር-ኤም1 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ተሽከርካሪው ላይ 8 ዝግጁ ሚሳይሎች አሉት። ጄሶው ያንን 12 ኪሎ ሜትር ለማለፍ 55 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ አይጠማዘዝም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። አንድ አንድ ስትልክ ለእያንዳንዱ በቂ ጊዜ እየሰጠኸው ነው። ያለህ መንገድ በአንድ ጊዜ ማብዛት ነው።

ብሩ-55 ማንጠልጠያ በአንድ ጣቢያ ሁለት ጄሶው ይሸከማል። ከሁለት ጣቢያ አራት ይዘህ ሁሉም ቶሩን ራሱን ወይም አጠገቡን እንዲመቱ ሙላቸው። ስቶርስ ገጽ ላይ ኪውቲዋይ (ብዛት) ገብተህ የሚለቀቁትን ጣቢያዎች ምረጥ፣ ከዚያ የመልቀቂያውን ቁልፍ ሳትለቅ ያዝ። ተከታትለው ሲወጡ ተከታትለው ይደርሳሉ። ከኤምኤስኤን ገጽ ላይ እያንዳንዱ ምን ዒላማ እንደያዘ ሳታይ አትልቀቅ፤ አራቱም አንድ ነጥብ ላይ ቢወድቁ ብክነት ነው። ቶሩ ላይ ሁለት፣ ከጎኑ ባለው ሌላ ዒላማ ላይ ሁለት አድርግ።

ጓደኛ ካለህ ይበልጥ ይቀላል። ከሁለት አቅጣጫ፣ ቢያንስ 60 ዲግሪ ተራርቃችሁ፣ የመድረሻ ሰዓት ተስማምታችሁ ልቀቁ። የራዳሩ ፊት ወደ አንዱ ሲዞር ሌላው ይገባል።

ራዳር የሚያሳድደው ኤጂኤም-88 ሃርም ሚሳይል ካለህ ደግሞ ለቶሩ ላክለት። ሃርሙ ከጄሶው በጣም ስለሚፈጥን ጄሶዎቹን አስቀድመህ ልቀቅ፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው ሃርሙን ተኩስ። ቶሩ ሚሳይሎቹን ሃርሙ ላይ ሲያባክን ጄሶዎቹ ይደርሳሉ። ሃርሙ ቶሩን ባይመታ እንኳ ሥራውን ሠርቷል፤ ብዙ ሰው ሃርም ዒላማውን ካልመታ ተሸነፍኩ ብሎ ያስባል፣ እዚህ ግን ሥራው ሚሳይል ማስጨረስ ነው።

በመጨረሻም የመሬቱን ቅርጽ ተጠቀም። ካውካሰስ ላይ ኮረብታ አይጠፋም። ተርም ውስጥ የመግቢያ አቅጣጫ ማስገባት ምክንያት የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ቶሩ ከሸንተረር አጠገብ ከቆመ ቦምቡ በሸንተረሩ ጎን እንዲመጣ ብታዝዘው የሚታይበት ጊዜ ከ55 ሰከንድ ወደ ጥቂት ሰከንድ ይወርዳል። ቀስተኛ እንዳለው ርቀት ያስከፍልሃል፣ ስለዚህ ከፍ ብለህና ቀረብ ብለህ ልቀቅ።


ደመና በላይ፦

ስለ ሚንቀሳቀሰው ዒላማ ለተጻፈው አንድ ነገር ልጨምር። ሆርኔቱ ኤጂኤም-62 ዎልአይንም ይሸከማል፤ ይህም ሞተር የሌለው ግላይድ ቦምብ ነው፣ የሚመራው ግን አፍንጫው ላይ ባለ ቴሌቪዥን ካሜራ ነው። ኮኦርዲኔት አይጠይቅም። ምስሉን ዲዲአይ ላይ አይተህ ጥቁርና ነጩ በደንብ የተለየበትን ቦታ ትይዛለህ። ኤደብሊውደብሊው-13 የሚባለውን ፖድ አብረህ ከጫንክ ከለቀቅከው በኋላም ምስሉ ወደ አንተ ይመጣል፣ በቲዲሲ እያስተካከልክ ታስገባዋለህ። ቀን መሆን አለበት፣ አየሩም ጥርት ያለ። ድልድይና ትልቅ ሕንፃ ላይ በጣም የሚያረካ መሣሪያ ነው፤ ሜዳ ላይ ያለ አረንጓዴ መኪናን ግን ከሣሩ ለመለየት ይቸገራል።


ሰሜን ነፋስ፦

የኪውቲዋዩን መንገድ እሞክራለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ አንዳንዴ ሁሉም ትክክል ሆኖ ቁልፉን ስጫን ቦምቡ አይወጣም፣ አንዳንዴ ደግሞ ወጥቶ ዒላማው ላይ ወድቆ አይፈነዳም። እነዚህ አንድ ምክንያት ናቸው?


ባለ ራዳር፦

ሁለት የተለያዩ ናቸው።

ወድቆ ካልፈነዳ ፊውዙ ነው። ስቶርስ ገጽ ላይ ኢፊውዝ የሚለውን ተጭነህ ኢንስት አድርገው። መሣሪያ በቀየርክ ቁጥር አረጋግጥ፤ ለጄኤስኤ ያደረግከው ለጄዳሙ አይተላለፍም።

ካልወጣ ደግሞ ስሙን እይ። ስቶርስ ገጽም ሃዱም ላይ የመሣሪያው ስም ኤክስ ተሰርዞበት ከሆነ ሲስተሙ አልፈቀደም ማለት ነው፦ ማስተር አርም ሴፍ ላይ ነው፣ ወይም ማስተር ሞዱ ኤ/ጂ አይደለም፣ ወይም አላይመንቱ አላለቀም። አላይመንቱ የሚጀምረው ጄሶውን ስቶርስ ላይ ስትመርጠው ስለሆነ ኢላማው አፍ ላይ ደርሰህ ሳይሆን መሬት ላይ ሞተር እንደተነሳ ምረጠው፤ ጥራቱ ከ10 ጀምሮ ወደ 01 ይወርዳል። የአውሮፕላኑ አይኤንኤስ (ያለበትን ቦታ የሚያውቅበት ሲስተም) ራሱ መስተካከል አለበት፤ ከአላይመንት በኋላ ማዞሪያውን አይኤፍኤ ላይ አድርገው፣ ጂፒኤሱ የሚያግዘው እዚያ ሲሆን ነው። ተልዕኮው በ1980ዎቹ ዓመት ላይ የተሠራ ከሆነ ግን ጂፒኤስ የለም፤ የተልዕኮውን ቀን ተመልከት።

ኤክስ ከሌለና አሁንም ካልወጣ ቁልፉ ነው። ስፔስ ብቻዋን የመድፉ ቃታ ናት። የቦምብ መልቀቂያው ቀኝ አልት እና ስፔስ ነው፣ ደግሞም ነክተህ የምትለቀው አይደለም፤ ቦምቡ ከክንፉ ሲላቀቅ እስክታይ ድረስ ተጭነህ ያዘው። ጆይስቲክ ላይ ካሰርከው መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ገብተህ ዌፐን ሪሊስ ባተን በሚለው መስመር ላይ መሆኑን እይ።